የባዶዋ ኮምፒውተር ምስክርነት

ያም ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ባሏ ሻዩን ሳያጋምስ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። በነፃ የሚያድለውን ፕሮግራሙን ማንም ሰው ከምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ከተጻፈበት ጽሑፍ፣ ራሱ መገንባት እንዲችል፣ ቀድሞ ምን ምን መጫን እንዳለበት ዝርዝር እየጻፈ ነበር። አሮጌዋ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ይሰርዛል፤ በእሷ ላይ ያልሞከረውን መስመር አይጽፍም። «ጭንቅላት ይረሳል፣ ባዶ ማሽን አይረሳም» ይላል።

ሁለት ሰዓት ላይ ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ሁለት ተኩል ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። በሩ ሲዘጋ አይንኳኳም፤ የቤቱ ደንብ ነው። አራት ሰዓት ላይ ለቁርስ ልትጠራው ስትከፍት ከኋላው ተመትቶ፣ ሞቶ ወድቋል።

ዝርዝሩ በስሙ ኢንተርኔት ላይ የወጣው ልክ በሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ደግሞ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ። የባሏ ወንድም ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር፤ ባልደረባው ከሁለት ተኩል ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ባለው ቢሮ። ባልደረባውን ሁሉም «ቁልፉ» ይሉታል፤ ያለ እሱ ያንን ፕሮግራም መገንባት የቻለ የለምና።

«ከአንቺ ሌላ ማን ነበረ?» አላት ወንድምየው።

በሦስተኛው ቀን፣ ጠጉሯ የሸበተ የፖሊስ መርማሪ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አሮጌዋን ኮምፒውተር እንደ እሱ ባዶ አድርጋ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ተከተለች። ስድስቱ ሠሩ። ሰባተኛው ላይ ማሽኗ እምቢ አለች፤ ያልተጻፈ አንድ ነገር ጎድሏታል።

«ረስቶት ይሆናላ፣ ሰው አይደል?» አለ ቁልፉ።

«በባዶ ማሽን የሚሠራ ሰው ልርሳ ቢል ማሽኗ አታሳልፈውም። የሚረሳው ጎደሎው ነገር ድሮ የተጫነለት ሰው ነው። ያንተን ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ ከተጫነ ሦስት ዓመቱ። በስሙ ለመለጠፍ የይለፍ ቃሉን የምታውቀውም አንተ ብቻ ነህ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ዝርዝሩ ከወጣ ቁልፍ የሚፈልግ አይኖርም። እሷ ስትወጣ ገባህ፣ ተጣላችሁ፣ መታኸው፣ በሩን ዘግተህ ወጣህ። ከዚያ በሦስት ሰዓት በሕይወት እንደነበረ ለማስመሰል፣ ያንኑ የጠላኸውን ዝርዝር ካቆመበት ቀድተህ ወስደህ፣ ቢሮ ተቀምጠህ ራስህ ጨረስከው።»



«አሥር ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነበር» አለ ቁልፉ።

ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት። እሷ ግን በሩን ታይ ነበር። እዚያ ማዶ ዳቦ እየቆረሰች፣ እንዳትረብሸው ኮቴዋን እያለዘበች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቃዋለች።

በሳምንቱ የማታውቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ የጎደለችውን መስመር ጨመራት። ዝርዝሩ አሁን ሙሉ ነው። ባሏ የለም።