የሻምበሉ ቦት ጫማ

ሄራን ጌታነህን መጀመሪያ ልብ ብላ ያየችው ሲዋሽ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነበራት። አመሻሹ ላይ ደግሞ የከተማው ወጣቶች ላቋቋሙት የቲያትር ክበብ የመድረክ ልብስ ትሰፋለች። ያን ሰሞን የሚለማመዱት ቲያትር ስለ አንድ የድሮ ሻምበል ነበር። ሻምበሉን የሚጫወተው ጌታነህ ከከተማው ወጣ ካለችው ከላንቴ የመጣ የሙዝ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ቀን ቀን የግብርና ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል። ሄራን የሰፋችለት ኮት ልክክ ብሎለታል። ቦት ጫማው ግን ከአንድ ጡረተኛ ወታደር በውሰት የመጣ ነበርና በሄደ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል።

«ጠበበህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ምንም አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?»

«ሻምበሉ ከጦርነት ቆስሎ ነው የመጣው ብዬ ነዋ።»

ቲያትሩን የጻፉትና የሚያዘጋጁት ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ከሰሜን መጥተው በዚህችው ከተማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «እኔ የጻፍኩት ሻምበል እንኳን ሊቆስል እንቅፋትም አልመታው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጌታነህም ሳቀ። ጫማውን ሲያወልቅ ግን የግራ እግሩ ካልሲ በደም ርሶ ነበር፤ ቶሎ ብሎ በእጁ ሸፈነው። ከሄራን በቀር ያየ የለም።

«ሄራን፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ «ለዚህ ሰው ልኩ የሆነ ቦት ፈልጊለት። እያነከሰ ሕዝብ ፊት አላቆመውም።»

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ የሰልባጅ ተራውን ሲያስሱ ዋሉ። አንዱ ቦት ባቱ ላይ አልወጣ አለ። ሌላው እንደ ባልዲ ሰፋ። ሄራንን ያስገረማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጌታነህ የሚለካው ቀኙን ብቻ ነበር።

«ግራውንስ?»

«ቀኙ ከሆነ ግራውም ይሆናል።»

«የለም ወንድሜ» አለ ጫማ ሻጩ፣ «እግርና እግር ወንድማማች ነው እንጂ መንታ አይደለም።»

ጌታነህ ጫማውን አስቀምጦ መንገድ ጀመረ። ሄራን ስፌት ቤቷ በር ላይ ደረሰችበት።

«ግባ፣ ልለካህ። በልክህ እናሠራለን።»

«ይቅር። ያንኑ የውሰቱን አደርጋለሁ።»

«ለኮቱ ደረትህን ለክቼሃለሁ። እግርህ ምን የተለየ ነገር አለው?»

መንገድ ላይ ባጃጆቹ ይጯጯሃሉ። አንዴ አያትና ገባ፤ መጋረጃውን ራሱ ሳበው። ቁጭ ብሎ የግራ ካልሲውን አወለቀ።

ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች የሉም። እግሩ ከዳር በኩል እንደ ታጠፈ ቅጠል ተኮማትሯል። ልጅ ሆኖ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላይ ሲንጠላጠል ወድቆ ጎማው ሄደበት። ከዚያ ወዲህ ጫማው ውስጥ ጨርቅ እየጎሰጎሰ ነው የሚኖረው።

«ከእናቴ በቀር ያየው ሰው የለም» አለ።

ሄራን ካርቶን መሬት ላይ አነጠፈችና እግሩን አስቀመጠችበት። እርሳሱ ተረከዙን ዞሮ፣ ጎኑን ይዞ፣ ጣቶቹ መኖር የነበረባቸው ቦታ ሲደርስ እጇ ዝግ አለ። ጌታነህ እግሩን አይደለም የሚያየው፤ ፊቷን ነው። የሆነ ነገር ይጠብቃል፤ ከንፈር መምጠጥ ወይም ዓይን መስበር።

«አትንቀሳቀስ» አለችው፣ «መስመሩ ይበላሽብኛል።»

ትንፋሹን ለቀቀው። ቁርጭምጭሚቱን፣ የእግሩን ጀርባ፣ ባቱን፣ እስከ ጉልበቱ ያለውን ቁመት በሜትሯ ለካች። እጇ ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ይል ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«ማን ነው የሚሠራው?» አላት ሲነሣ።

«አዲስ አበባ የማውቀው ሰው አለ።»

ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። አዲስ አበባ ማንም አልነበራትም።

ቦቱን የሚሠራው አባቷ ካሱ ነው። ካሱ በደጋው ቆዳ ፍቀው፣ ጫማ ሰፍተው ከሚያድሩ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በተወለደበት መንደር የቆዳ ሠሪ ልጅ ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ አይጋባም፤ ሲሞትም ለብቻው ይቀበራል። ሕጉ ያ ቀርቷል ይላል፤ ቄሱም ሁላችንም የአንድ አዳም ልጆች ነን ይላሉ። የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሰው አሁንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘሯስ?» ብሎ ይጠይቃል። ካሱ ይህን ሸሽቶ በወጣትነቱ ወደ ከተማ ወረደ፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላም ከቤቱ ጓሮ ሳይወጣ ይሠራል። ሄራን መርፌ የያዘችው የአባቷን የቆዳ ወስፌ ሸሽታ ነው። አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት «ነጋዴ ነው» ማለት ለምዳለች።

ካሱ ካርቶኑን ብርሃን ላይ አድርጎ አየው።

«ይህ ሰው እግሩን ለማንም የሚያሳይ አይደለም» አላት በጋሞኛ።

«አዎ አባዬ።»

«አንቺስ ምን አሳየሽው?»

ካሱ መልሷን ሳይጠብቅ ቆዳውን አንሥቶ ማለስለስ ጀመረ።

ቦቱ እስኪያልቅ ጌታነህ ስፌት ቤቱን አዘወተረ። አንድ ቀን ቁልፍ ተበጠሰ ብሎ ይመጣል፣ አንድ ቀን ደህና የሆነውን ሱሪ አሳጥሪልኝ ይላል። አንድ ጊዜ ምክንያት ቢያጣ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ምንም የተበላሸብኝ ነገር የለም» አላት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ይህንኑ ልነግርሽ።»

ሳቀች፤ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስታዋ ሁሉ በውሸት ላይ የቆመ ነበርና እያደገ በሄደ መጠን ያስፈራታል። ስንት ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች! እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ፈገግ ይልባታል፤ ቃሉ ተመልሶ ይዋጣል።

እናቱ ጋ፣ ላንቴ፣ ይዟት የሄደው በዚህ መሃል ነው። እናቱ ሻሺቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሙዝ እርሻውን ብቻዋን የያዘች ጠንካራ ሴት ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ና ግባ፣ ልጄ! አንተ ነህ ልጄን የማረከው?» አለቻት ለሄራን፣ እጇን በሁለት እጇ ይዛ።

ጌታነህ በሳቅ ፈረሰ። ሻሺቱ ከእህል የተጠመቀ ቦርዴ በቅል ቀድታ ሰጠቻት፤ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ ኩርኩፋ አቀረበች። ሄራን ከሰው ቤት እንዲህ ተመችቷት ተቀምጣ አታውቅም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለች ሻሺቱ።

«የካሱ።»

«የትኛው ካሱ?» ሴትዮዋ አሰበች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ከደጋ የወረደው? ቆዳ የሚሠራው?»

ሄራን ጌታነህን አየችው። ከዚያ «አዎ» አለች።

ማንም አልጮኸም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረም። ሻሺቱ ሄራን የጠጣችበትን ቅል አነሣች፣ ትንሽ አየችው፣ ይዛው ወጣችና ከቤቱ ርቆ ካለ የሙዝ ግንድ ሥር አስቀመጠችው። ተመልሳ ስትገባ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ጌታነህ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ሲጠብቁ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«እግሬን አሳየሁሽ፣ ሄራን። አንቺ ግን የአባትሽን ሥራ እንኳ ደበቅሽኝ። አዲስ አበባ አልሽኝ!»

«ዋሽቻለሁ።»

«ለምን? እኔ በዘር የምለይሽ መሰለሽ?»

«ለምን እንደደበቅኩ ቅሉ ሲወጣ አላየህም?»

ጌታነህ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«አየህ፣ ጌታነህ፣ እናትህ ያደገችበትን ነው ያደረገችው። አንተስ? አንዲት ቃል አጣህ?»

ሚኒባሱ መጣ። እሱ ሊከተላት እግሩን ሲያነሣ «ተወኝ» አለችውና ብቻዋን ገባች። በመስኮቱ ወደ ኋላ አላየችም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምዱ አልሄደችም። ጋሽ ሸዋንዳኝ ስፌት ቤት ድረስ መጡ፤ ሁሉን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ቦቱስ?»

«ቀኙ አልቋል። ግራውን አባቴ እግሩ ሳይመጣ አልዘጋውም ብሏል።»

«ታዲያ እግሩ ይሂድ እንጂ» አሉና ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄራን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በሩ ተንኳኳ። ጌታነህ ብቻውን ነበር። እሷን እጅ ነሥቶ ወደ አባቷ አለፈ፤ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ሳይጠየቅ የግራ ካልሲውን አወለቀ። ካሱ ያልተዘጋውን ቦት አጠለቀለት፣ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን እየተጫነ።

«አባባ፣ እናቴ ያደረገችውን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ግን አውቀዋለሁ።»

«እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ካሱ ከሥራው ቀና አላለም። «እኔን ብዙ ሰው ዝም ብሎኛል፣ ልጄ፤ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን እንድትለምደው አልፈልግም። ይቅርታህን ለእሷ።»

ጌታነህ በግራ እግሩ ቦቱን፣ በቀኙ የራሱን ጫማ እንዳደረገ ተነሥቶ ወደ ልብሱ ገመድ ሄደ።

«ፈራሁ» አላት። «እናቴን ማጣት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እኔም አንተን ማጣት ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አለች ሄራን። «ግን ዛሬ ይቅር ብያለሁ ብልህ ሌላ ውሸት ይሆናል። ጊዜ ስጠኝ።»

«እሺ።»

ቲያትሩ የታየ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ገባ፤ ረገጠ፣ ዞረ፣ ተንበረከከ፤ ሄራን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እግሩን ብቻ ስታይ አመሸች። መጨረሻ ላይ ተዋንያኑ እጅ ነሥተው ጭብጨባው ሲበርድ ጌታነህ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«ይህን ጫማ የሠሩልኝ አቶ ካሱ ናቸው» አለ በዚያ አዳራሽ በሚሞላ ድምፁ። «የማታውቋቸው ካላችሁ፣ የማገባት የሄራን አባት ናቸው፤ እሷ እሺ ካለችኝ።»

ከፊሉ አጨበጨበ። ከፊሉ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾከ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት የጌታነህ አጎት ተነሥተው ወጡ።

ሄራን በዚያው ምሽት እሺ አላለችም። እሺ ያለችው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው፤ ጌታነህ ከአጎቶቹ አንድም ሽማግሌ አጥቶ፣ ጋሽ ሸዋንዳኝ ከሰፈሩ ቄስ ጋር በጭቃ እየተንሸራተቱ ካሱ ደጃፍ ሲቆሙ። ሠርጉ ትንሽ ነበር። ሻሺቱ አልመጣችም። ሙሽራው ቀኑን ሙሉ ስቆ፣ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ ሄራን ጀርባውን አሻሸችው።

በዓመቱ ጌታነህን ወባ ጣለው። ትኩሳቱ በበረደ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሄራን ውሃ ልትደፋ ስትወጣ ሻሺቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። የሙዝ ዘለላ ታቅፋለች፤ እግሯ እስከ ባቷ አቧራ ነው።

«ልጄ... ታመመ አሉኝ።»

«ተሽሎታል፣ እማማ። ይግቡ።»

ሻሺቱ በሩን አየች፤ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «እዚሁ ይበቃኛል» አለች።

ሄራን በሩን ዘግታ ልትገባ ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። ገብታ ሁለት ወንበር ይዛ ወጣች። አንዱን ለአማቷ አቀረበች፤ በአንዱ ራሷ ተቀመጠች፤ አጥሩ ጥግ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ። ጥቂት ቆይቶ ጌታነህ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ እየያዘ መጣና መሬት ላይ፣ በሁለቱ መሃል ቁጭ አለ። ሻሺቱ አንድ ሙዝ ላጠች። ለልጇ ልትሰጥ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ከሁለት ገምሳ ግማሹን ለሄራን ሰጠቻት።