ወደ መቅደስ የሚያሳየው ቀዳዳ

አቶ ፀጋዬ በፍልሰታ ጾም፣ ሰኞ ዕለት፣ ቅዳሴ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ዞሮ ነበር።

ቄስ ገብረ ሥላሴ ፖሊስ ከጠሩ በኋላ ይርጉንም ጠሩት። ይርጉ አዲስ አበባ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። አሁን ዳላስ አጠገብ ካለችው ከግሬፕቫይን ከተማ ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። እንደደረሰ በአልጋው ሥር የተንከባለለ ኩባያ አገኘ። በመሐረብ አንሥቶ ከረጢት ውስጥ ከተተና ለፖሊሱ በእጁ ሰጠ፤ ሌላ ሰው አላየውም።

ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ኩባያው ውስጥ ተልባ ነበር፤ ተልባው ውስጥ ደግሞ አንድ ብልቃጥ ሙሉ የልብ ክኒን ተፈጭቶ ተጨምሯል። ክኒኑ የራሳቸው የሟቹ ነው። ተልባውን ያቀረበችው አስታማሚዋ የትምወርቅ ስለሆነች፣ መርማሪው ፖሊስ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደሚወስዳት ለቄሱ ነገራቸው።

«ሎተሪ ደርሷት ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው» አሉ ቄሱ። «የልጇ ወረቀት በሂደት ላይ ነው። ይችን ልጅ ካሰሯት ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው።»

ቤቱ ሮውሌት በምትባለው ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን የተሠራ ነው። አቶ ፀጋዬ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ የመካከለኛው ዘመን የምጽዋት ቤቶችን ዕድሜ ልካቸውን አጥንተዋል። በዚያ ዘመን ድኾችና ሕሙማን በአንድ ረጅም አዳራሽ ይተኙ ነበር፤ መነሣት ያልቻለው ከአልጋው ሆኖ ጸሎት እንዲከታተል አዳራሹን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያያይዙት ነበር። ይህም ቤት እንዲሁ ነው፤ በአዳራሹ ጫፍ ካለው ከአቶ ፀጋዬ ክፍል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያሳይ ቀዳዳ አለ። ንድፉን ያወጣው ዳላስ ያደገው አርክቴክት ዮአብ ነው።

ይርጉ በሟቹ ትራስ ላይ ራሱን አጋድሞ በቀዳዳው አየ። የመቅደሱ መጋረጃ ብቻ ታየው። አማተበና ተነሣ።

የትምወርቅ ዓይኗ አብጧል። «ቅዳሴው ሳይጀመር ተልባውን አጠገባቸው አስቀምጬ ሄድኩ፣ ጋሼ። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ ስንት ጊዜ ታመዋል ብዬ ለመንኳቸው!»

«ሁልጊዜ በምን ነበር የምታቀርቢላቸው?»

«በብርጭቆ። የዚያን ዕለት ተሰበረብኝና የራሴን ቀይ ኩባያ ከቦርሳዬ አወጣሁ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለፖሊሱ ብቻ። ማን ጠየቀኝ?»

ግድግዳውን የሠራው ጌትነት ነው፤ እሱ ደግሞ ሐዘን ላይም ቀልድ አይተወውም። «ጋሽ ፀጋዬ አበሳዬን ነው ያሳዩኝ። 'ቀዳዳው ቀጥ ካለ የማየው የወንዶቹን ጀርባ ነው፤ የድሮዎቹ ግንበኞች በሰያፍ ነው የሚያወጡት' አሉ። የዮአብ የንድፍ ሥዕል ቀጥ ይላል ብላቸው፣ 'ሥዕሉ አልጋ ላይ አይተኛም!' አይሉኝ መሰለህ? ባለፈው ቅዳሜ አፍርሼ በሰያፍ ሠራሁላቸው። ላዩን ሲያዩት ግን ያው ነው።»

«ሌላስ ምን ያዝዙህ ነበር?»

«ቱምቢዬን፣ ያንን ጫፉ ላይ ክብደት ያለውን የመለኪያ ክር፣ ተውሰው ግድግዳው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ምን እንደሚለኩ እንጃ።»

ዮአብ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። «ሶ፣ ጋሽ ይርጉ፣ ማንንም ብሌም ማድረግ አልፈልግም። ግን ቅዳሴ መሃል የትምወርቅን በቀዳዳው አየኋት። በቀይ ኩባያ የሆነ ነገር እያማሰለች ነበር።»

«የት ቆመህ?»

«ወንዶች ጋ፣ ከቀዳዳው ፊት ለፊት።»

«ክፍላቸው ገብተህ ነበር?»

«ኖ። በዚያ ቀን አልገባሁም።»

ፖሊሱ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይርጉ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ዮአብ፣ ሰኞ የቆምክበት ቁም» አለ። «ጌትነት አልጋው ላይ ተኝቷል። እስቲ ንገረን፣ ምን ይታይሃል?»

ዮአብ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ። አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘመመ።

«የግድግዳ ኖራ ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ይሄ... ሥዕሌ ላይ ቀጥ ያለ ነው!»

«ሥዕልህ ላይ። ሟቹ ግን ቅዳሜ አስለውጠውታል። አሁን አልጋው የሚታየው ከመቅደሱ ደጃፍ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንተ አትቆምም። ስለዚህ በቀዳዳው ማንንም አላየህም። ታዲያ ኩባያው ቀይ መሆኑን በምን ዐወቅህ? ሁሉም ሰው ብርጭቆ ነው የሚያውቀው። ኩባያውን ያየነው እኔ፣ የትምወርቅና ፖሊሱ ነን፤ ከእኛ ሌላ ያየው ተልባው ውስጥ ክኒን የጨመረው ብቻ ነው። ሽማግሌው እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ገባህ። ቅዳሴ እስኪወጣ እንደማይነኩት ታውቅ ስለነበር ጊዜ ነበረህ።»

«ዋይ? ለምን ብዬ?»

«ሽማግሌው በቱምቢው ስለደረሱበት። አዳራሹ ከፍ ብሎ እንዲታይ ጣሪያውን የሚያስተሳስሩትን አግዳሚ እንጨቶች አስቀርተሃል። ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋ ነው። እናንተን ከመሰብሰቤ በፊት ራሴ ለካሁት፤ ሁለት ጣት ሙሉ ዘሟል።»

ዮአብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። 'ለከተማው አስተዳደር ራስህ ንገር፣ አለዚያ ረቡዕ እኔ ኮል አደርጋለሁ' አሉኝ። ላይሰንሴን... ላይፌን በሙሉ...»

«ከዚያ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው ተኝቷል፣ አባ?» አለ ይርጉ፣ ከዮአብ ዓይኑን ሳይነቅል።

ቄሱ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «አሥራ አንድ።»

የትምወርቅ ቀድማ ወደ አዳራሹ ሮጠች። መርማሪው ፖሊስ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ፣ መራመድ የማይችሉትን እማማ ውድነሽን ከነፍራሻቸው እየጎተተች ትወጣ ነበር። ስሟን ጠርቶ መንገዷ ላይ ቆመ።

«ቆይ! በኋላ!» ብላ ጮኸችበት በአማርኛ። «በእግራቸው በኩል ያዝ!»

ቋንቋውን አያውቅም። ካቴናውን ኪሱ ከተተና በእግራቸው በኩል ያዘ።