እጇን አስለቅቂልኝ

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ የሰማሁት ከራሷ ከሒክማ አፍ ነው፤ ስትነግረኝም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሸዋ ሮቢት። ግንቦት ላይ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ... ሌሊት አልነበረም።

ሒክማ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ነርስ ናት። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ጠዋት ከካራቆሬ እትዬ አሪፋ የሚባሉ ሴት ታመው መጥተዋል። ያመጣቻቸው አንድ ልጃቸው ኢልሀም ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጉልበታም ናት፤ እናቷን ከሚኒባሱ አዝላ ነው ያወረደቻቸው።

ሒክማ ስትለካቸው ትኩሳታቸው አርባን አልፏል። የደም ግፊታቸው ሰባ በአርባ። የልብ ምታቸው ይሮጣል፤ ከጣት ሥር ግን እንደ ክር ቀጥኗል...

ሰውነት ሲሸነፍ እንዲህ ነው። ግሉኮስ ሰቀለችላቸው፣ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ተስፋ ግን አልነበራትም።

ኢልሀም የእናቷን እጅ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሒክማ ደግማ ለካች።

ትኩሳቱ ወርዷል። ግፊቱ ተስተካክሏል። የልብ ምቱ... ሙሉ፣ ጠንካራ፣ የወጣት ምት።

"እትዬ፣ ዳኑ እኮ!"

እትዬ አሪፋ ግን እያለቀሱ ነበር።

"ሲስተር... አስወጪልኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"ኢልሀምን። እየጠጣኋት ነው።"

ትኩሳቱ እያቃዣቸው ነው ልትል አሰበች... ትኩሳቱ ግን የለም።

ዞራ ልጅቷን አየች። ኢልሀም አንገቷን መሸከም አቅቷታል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ለካቻት።

ትኩሳቷ ከአርባ በላይ። ግፊቷ ሰባ በአርባ። ምቷ እንደ ክር።

የእናትየው የጠዋት ቁጥር... እንዳለ!

መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የራሷን ለካች። ደህና ናት። ሌላ መሣሪያ አምጥታ ኢልሀምን ደገመቻት። ያው ነው።

ተረኛውን ሐኪም ሚልኪያስን ጠራች።

"ከእናቷ ተላልፎባት ነው" አለ። "ለይተሽ አስተኚያት።"

ኢልሀምን ደግፋ ወስዳ ሌላ ክፍል አስተኛቻት፤ ግሉኮስም ሰቀለችላት። ትኩሳቷ ወዲያው መብረድ ጀመረ። ሒክማ እፎይ ልትል ስትል... ከእናትየው ክፍል ሲቃ ሰማች።

እትዬ አሪፋ እንደገና እየተሸነፉ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ አለ።

"ደግ አደረግሽ" አሉ። "ተዪኝ፣ ልሂድ። በሩን ብቻ ዝጊው።"

ሒክማ ልትዘጋ ስትዞር... ኢልሀም በሩ ላይ ቆማለች። ግሉኮሱን ነቅላው ክንዷ ይደማል።

"ሲስተር፣ ከእናቴ ለምን ለየሽኝ?"

"ኢልሀም፣ ተመለሺ! እንዳትነኪያቸው!"

"አውቃለሁ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "ገና መኪና ውስጥ ሳለን ነው ያወቅኩት። ወላሂ፣ ከሳቸው ሌላ ሰው የለኝም።"

ገፍትራት አለፈችና የእናቷን እጅ ያዘች።

"እጇን አስለቅቂልኝ!" ብለው ጮኹ እትዬ አሪፋ። "ሲስተር፣ በአላህ ይሁንብሽ!"

ሒክማ በሙሉ ጉልበቷ ጎተተች። የልጅቷ ጣቶች ዝለው ተዘርግተዋል። የእናትየውም መዳፍ ክፍት ነው። ማንም ማንንም አልያዘም...

በዚህኛው ጊዜ ግን እጆቹ አልተላቀቁም።

የኢልሀምን አንገት ዳሰሰች። ምቱ ቀጠነ... ራቀ... በጣም ራቀ...

ቆመ።

እጆቹ ያኔ ተለያዩ።

እትዬ አሪፋ ተነሥተው ቁጭ አሉ። ጉንጫቸው ደም መስሏል። ልጃቸውን ሊያቅፉ ክንዳቸውን ዘረጉና... ፈርተው መልሰው ሰበሰቡት። የገዛ ልጃቸውን ሬሳ መንካት ፈሩ።

ሒክማ ሚልኪያስን ልትጠራ ወደ ትልቁ የሕሙማን ክፍል ሮጠች።

የጥየቃ ሰዓት ደርሶ ኖሯል። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ሚስት የባሏን፣ ወንድም የእህቱን፣ ልጅ የአባቱን... ሁሉም የየሕመምተኛውን እጅ ይዟል።

"አትንኩ!" ልትል አፏን ከፈተች። ዘግይታ ነበር።

ጥግ ካለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ።

"አልሐምዱሊላህ... ተሻለኝ።"

ከማዶ አንዲት ሴት፣ "እኔንም ተሻለኝ።"

ቀጥሎ ሌላው... ቀጥሎ ሌላው...

ጠያቂዎቹ ግን አንዳቸውም አንገታቸውን መሸከም አልቻሉም።