በባዶ ወንበር የተረገጠ ፍሪሲዮን

ማን የት ቆሞ እንደነበር አስቀድሜ ልናገር፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ከመኪናዋ በግራ በኩል፣ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ውጭ ቆሜ ነበር። መካኒኩ ገመቹ ከሥሯ በጀርባው ተኝቷል፣ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዋቅጅራ ዣንጥላቸውን ይዘው የግቢው በር ላይ ስልክ ያወሩ ነበር፣ ከእኛ ሃያ እርምጃ ይርቃሉ። ሌላ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። መኪናዋ ውስጥም ማንም አልነበረም።

እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፣ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም፣ በጸሎት ቤታችንም የሙታን ወሬ ቦታ የለውም፣ ጎረቤት ሲጀምር እንኳ ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው ስላየሁት ብቻ ነው።

መኪናዋ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቀይ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ባለቤቴ ዲንሳ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ ሐኪም ገዛት፣ እኔንም መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮ መጠለያዋ ሥር ቆማ ነበር። በዚህ ክረምት፣ በነቀምቴው በከኒሳ ቀሴ ሰፈራችን፣ የእኛ በር ፊት ያለው መንገድ ሊሰፋ ሆነና መጠለያው በማግስቱ ይፍረስ ተባለ፣ አፈር የሚዝቀው ሎደርም መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። መኪናዋን የሚይዝ ሰፊ ግቢ ያላቸው በዲጋ መንገድ የሚኖሩት ኦቦ ዋቅጅራ ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ «የሚሄድ መኪና አስቀምጣለሁ፣ ሬሳ ግን ግቢዬ አላስገባም» አሉ። በዚያው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በራሷ ሞተር ከወጣች ይቀበሏታል፣ ካልወጣች ብረት የሚሰበስቡት ቆራርጠው ይወስዷታል። እሺ አልኳቸው። እሺ ያልኩት እንደማወጣት ስለማውቅ ነው።

ሞተሩ ይነሣል፣ ማርሽ ግን አይገባም። አንደኛ ሲሉት ይንጫረራል፣ የኋላውን ሲሉት እጅ ይመልሳል። ኦቦ ዋቅጅራ «ጥርሷ አልቋል፣ እንደ እኔው» ብለው አፋቸውን ከፍተው ለገመቹ አሳዩት። ገመቹ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ገቡ፣ ሞተሩን ሲያስነሣው እንደገና እምቢ አሉ። እንግዲያው ካምቢዮው፣ የማርሹ ሣጥን፣ ደህና ነው፣ ሞተሩን ከማርሹ መለየት ያቃተው ፍሪሲዮኑ ነው አለና ኮፈኑን ከፈተ። የፍሪሲዮኑ ዘይት ያለባትን ትንሽ ዕቃ ክዳን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አዴ፣ ይሄ እኮ የኑግ ዘይት ነው።»

የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዲንሳ አልጋ ላይ ሳለ ያቺ ዕቃ እንዳትደርቅ አደራ ብሎኝ ነበር፣ ያን ጊዜ መንገድ ተዘግቶ እሷ ውስጥ የሚጨመረው የፍሬን ዘይት ከነቀምቴ ሱቆች ጠፍቷል፣ ቤት ያለው ኑግ ነው። የበር ማጠፊያውም የስፌት መኪናውም የሚለሰልሰው በእሱ ስለሆነ፣ ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ስትጎድል እየሞላሁ ኖርኩ። እሱም ውስጥ ለውስጥ እንደ ሙጫ ደርቆ ይዞታል። ይህንን ለገመቹ ነገርኩት፣ አልሳቀም። ኦቦ ዋቅጅራ ግን የሁለታችንንም ድርሻ ሳቁ፣ የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነው አሉ።

ገመቹ ዘይቱን የሚገፉትን የፍሪሲዮኑን የላይና የታች ሲሊንደሮች አውርዶ አጠባቸው፣ ጎሚኒ የሚሏቸውን ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ቀየረ፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞላ። የቀረው ከቧንቧው አየር ማስወጣት ነበር። አንድ ሰው ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ቡሎኑን ከፍቶ አየሩን ያስወጣል፣ ሲዘጋ ልቀቅ ይላል። እኔ ልቀመጥ ስል ኦቦ ዋቅጅራ «የእኔ እግር ይከብዳል» ብለው ገቡ። ሁለቴ እንደረገጡ ስልካቸው ጠራና ወርደው ወደ በሩ ሄዱ፣ ሥር ያለው ገመቹ መውረዳቸውን አላየም። ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ዲቢ» አለ፣ ርገጥ ማለቱ ነው።

ፔዳሉ ወረደ።

መጀመሪያ እስከ ግማሽ ወረደና አረፈ፣ ከዚያ እስከ ታች ሄደ። የፔዳሉ ሞላ ጢቅ ሲል ሰማሁት። «ገዲሲ» ሲል፣ ልቀቅ ሲል ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ጠራ፣ እንደገና ግማሽ፣ እረፍት፣ እስከ ታች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጠባጠባል፣ እጄ ያረፈበት በር ሰው ወንበሩ ላይ ሲመቻች እንደሚሆነው ትንሽ ዝቅ አለ። የዲንሳ ግራ ቁርጭምጭሚት በወጣትነቱ ተሰብሮ ነበር፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ግማሽ ላይ ሳያርፍ ጨርሶ አያውቅም። ያቺን እረፍት ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ።

ገመቹን አቁም ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። አየሩ ካልወጣ መኪናዋ አትወጣም። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ።

ገመቹ ከሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ ኦቦ፣ እግርዎ የድሮ ሾፌር እግር ነው ብሎ ቀና ሲል፣ ኦቦ ዋቅጅራ ከበሩ እየመጡ ነበር።

«የምን እግር? እኔ እኮ በሩ ላይ ነኝ» አሉ።

ገመቹ እኔን አየኝ፣ እኔም እዚሁ ቆሜ ነበር አልኩት። እሱም አየር ያለበት ፔዳል ወርዶ ሊቀር ይችላል፣ ሲጠሩት ግን አይወርድም አለ። ከዚያ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ሣጥኑ ውስጥ መክተት ጀመረ።

አሥር ሰዓት ተኩል ነበር። በሩን ከፍቼ ገባሁ። እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። ወንበሩን ጠዋት ራሴ ወደ ፊት ስቤው ነበር፣ ኦቦ ዋቅጅራም ከእኔ ያጥራሉ፣ አሁን ግን ረጅም ሰው እንደሚቀመጥበት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዷል። ሳብኩት። ሞተሩን አስነሣሁ፣ ማርሹን ያዝኩ፣ አንደኛ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። የኋላውን ሞከርኩ፣ ገባ። ሁለተኛውም። የሎደሩ ሰዎች ከጋቢናቸው ወርደው ያዩ ነበር፣ አንዱ አጨበጨበ።

የግቢውን በር የከፈቱልኝ ኦቦ ዋቅጅራ ራሳቸው ናቸው፣ ዣንጥላቸውን አጥፈው ዝናብ ላይ ቆሙ። አጠገባቸው ስደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ የግቢዎን ቁልፍ ይስጡኝ» አልኳቸው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ወደ ዲጋ መንገድ ልታጠፍ ማርሽ ለመቀየር እግሬን አነሣሁ። ገና ሳላሳርፈው ፔዳሉ እስከ ግማሽ ወርዶ ቆየኝ።

ረገጥኩት። ሁለተኛ አስገብቼ ሄድኩ።