ከጥላነሽ ዓይን የተሸፈነው ቦርድ

እንግዳ በመጣ ቁጥር ወተት በጨርቅ ሲሸፈን እያየ ያደገ ሰው፣ ዲግሪ ሊይዝ ሲደርስም እጁ ወደ ጨርቁ ትሄዳለች። አስማማው እንዲህ ነበር። የቄስ ልጅ፣ ጨዋ፣ ጎበዝ፤ ደብረ ማርቆስ ጫፍ ባለ አንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ተመራቂ።

ከክፍል ጓደኞቹ ከአወቀና ከጥላነሽ ጋር ለመመረቂያ የሚሠሩት፣ ከሚወርድ ስንዴ መሐል ጠጠር የሚለይ ካሜራ ነበር። ምስሉ በጥንድ ሽቦ፣ ቦርድ በሚሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ወዳለው ቺፕ ይገባል። ቺፑ እንደፈለጉ የሚያዙት ዓይነት ነው፤ ትእዛዙን የጻፈው አስማማው ነው። በፍጥነት እያስኬዱ መፈተን ደግሞ የጥላነሽ ድርሻ ሆነ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በዝግታ ሲሄድ ጥርት የሚለው ምስል እሷ ስትቀመጥበት ይበጣጠሳል።

ጥላነሽ የይጁቤ ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ሸክላ ሠሪን ቡዳ በሚል አገር አወቀ ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

«እጇ ሲያርፍበት ነው የሚታመመው፤ ዓይኗ በልቶታል» አለ።

«የሚበላሸው ፍጥነቱ ሲጨምር ነው» አለች ጥላነሽ። «ሽቦው መጨረሻ ላይ ሲግናሉን ተቀብሎ የሚያስቀር ሬዚስተር ከሌለ፣ ሲግናሉ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ከሚከተለው ጋር ይጋጫል። እስቲ እየው አስማማው።»

«ሬዚስተሩ ቺፑ ውስጥ አለ። አላነበብሽም?» አላት። እውነቱን ነው፣ ሬዚስተሩ አለ። በትእዛዝ ካልተከፈተ ግን እንደሌለ ነው፤ መከፈቱን ሄዶ አላየም።

ከዚያ ወዲህ እሷ ስትገባ ቦርዱን በጨርቅ ይሸፍኑት ጀመር። አወቀ ጤና አዳም አምጥቶ የቦርዱ ሳጥን ላይ ሰካ። ምሳ ላይ ተማሪው ሁሉ ሳህኑን እያነሣ ከአጠገቧ ይሸሻል። አስማማው አልሰደባትም፤ ለመምህራቸው «ለቡድኑ ሰላም ሲባል ትቀየርልን» አለ እንጂ። መምህሩም ነገር ላለማብዛት እሺ አሉ። የሚቀበላት ቡድን ስላልተገኘ፣ ጥላነሽ ልብሷን ጠቅልላ ይጁቤ ገባች።

ካሜራውን መፈተኑ በአስማማው እጅ ወደቀ። ፍጥነቱን ጨመረ፤ ምስሉ ተበጣጠሰ። አወቀ ከወንበሩ ፈቀቅ ብሎ፣ «የእናትህ ወገን ከወዴት ነበር?» ሲል ጠየቀው።

አስማማው ለእሷ ያልተጨነቀውን ለራሱ ተጨንቆ የጻፈውን ትእዛዝ ከፍቶ አየ። የውስጡ ሬዚስተር እንደተዘጋ ነው። ከፈተው፤ ምስሉ ጠራ። ለአወቀ «አስተካከልሁት» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም።

ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ሄደ። ከማሰሮዎቹ ፊት ሲገተር የጥላነሽ እናት «ካልገዛህ ዘወር በል ልጄ፣ ገበያ አትዝጋብን» አሉት። ጥፋቱ የራሱ እንደነበረ ለጥላነሽ ነገራትና እንድትመለስ ለመናት። ማሰሮ መወልወሏን አላቆመችም።

«ለእነአወቀ ነግረሃቸዋል?»

አስማማው አንዱን ማሰሮ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ እጄን አውቀዋለሁ።»

ሥራቸውን ባቀረቡ ዕለት አስማማው በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ሁሉንም ተናገረ። ማንም አላጨበጨበም። ሻይ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ አወቀ ዳቦውን በሶፍት ሸፈነበት። ጥላነሽ ይህን ለብቻዋ ስትችል እንደከረመች ያን ጊዜ ገባው። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ወገኖቼ፣ ትምህርትም እንደዚያ ሬዚስተር ነው፤ ውስጣችን ስላለ ብቻ አይሠራም። ሰው በዓይኑ ቦርድ አይበላም። ሰው የምንበላስ እኛ ነን፤ ጥላነሽን በልተናታል።