የተኮረጀ መጠይቅ

ቦንቱ ወረቀቷን ወደ ዴስኩ ጫፍ ገፋ ያደረገችው ሳታስበው ነው። እጇ ለምዶታል። የአክስቷ ልጅ ሊሚ ከወለጋ መጥታ ቀጨኔ እነሱ ቤት መኖር ከጀመረች ወዲህ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ቦንቱ ክርኗን ሰብሰብ ታደርግላታለች። ሊሚ ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አልረገጠችም፤ ምን ታድርግ?

ዛሬ የታደለው ግን ፈተና ሳይሆን መጠይቅ ነበር። ያመጣችው እሌኒ የምትባል፣ የመሣሪያ ጥቃት ምን ያህል ወጣቶችን እንደነካ የምታጠና ሴት ናት። የተኩስ ድምፅ በቅርብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መሣሪያ ተደቅኖባችሁ ያውቃል? ሰባተኛው ደግሞ፣ ሰው በጥይት ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይላል። ከየጥያቄው ሥር «በጭራሽ»፣ «አንድ ጊዜ»፣ «ከዚያ በላይ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ።

«ስም አትጽፉም። ልክና ስህተት የሚባል መልስም የለም» ብላ ነበር እሌኒ። ግን ማን ሰምቷት። ዘጠነኛ ቢ ውስጥ ወረቀት ከታደለ ፈተና ነው፤ ፈተና ከሆነ ደግሞ ከአንደኛዋ ተማሪ ከቦንቱ ይኮረጃል። ከኋላ የተቀመጠው ዓምሃ አንገቱን አስግጎ፣ «ቦንትዬ፣ ሰባተኛው ምንድን ነው?» አላት።

«በጭራሽ» አለችው እየሳቀች። ለእሷ እውነት ነው።

የክፍሉ አለቃ ስለሆነች ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ መምህራን ክፍል ወሰደች። እሌኒ እዚያው ቆማ አገላበጠቻቸውና ፊቷ ፈካ አለ። «ተመስገን፣ ሰባተኛው ላይ አንድም አዎ ያለ የለም» አለችው ለክፍሉ ኃላፊ ለቲቸር ታረቀኝ። «እንግዲያው አዎ ላሉት የምትመጣውን የሥነ ልቦና አማካሪ ለሌሎቹ ክፍሎች እንመድባታለን።»

ቦንቱ ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። አንድም? ሊሚስ? የሊሚ አባት እኮ የተገደለው ገዛ ግቢው ውስጥ፣ ልጁ እያየች ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል። «እንዳታነሱባት» ብላ የቦንቱ እናት ስላስጠነቀቀች ግን ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን አዲሱ ገበያ የሆነው ትዝ አላት። ጎሚስታው ጋ ጎማ ሲፈነዳ ሊሚ አስፋልቱ ላይ በደረቷ ተኛች። ቦንቱ ከጓደኞቿ ጋር ስለነበረች አፈረችባት። «ኧረ ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው» ነበር ያለቻት። አቧራዋን እንኳ አላራገፈችላትም። ያንን አሁን ስታስበው ራሷን ጠላች።

ሊሚን ቧንቧው ጋ ስትታጠብ አገኘቻት።

«ሰባተኛውን ምን አልሽ?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«ማለቴ... እሱን እንኳ ለምን ከኔ?»

ሊሚ ቧንቧውን ዘግታ እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች። «ከአንቺ ሳላይ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር» አለች። «ግን አንቺ በጭራሽ ስትዪ፣ እዚህ እንደሱ አይባልም መሰለኝ። ቤትም አይባልማ።»

ቦንቱ ይቅርታ ልትላት አሰበችና ቃሉ አነሰባት። አስር ወር አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ፣ አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነበር ብላ አልጠየቀቻትም። ያስተማረቻት ነገር ቢኖር መኮረጅ ነው።

«ወረቀቱ እንደገና ቢመጣ ራስሽ ትሞያለሽ?»

«እንጃ» አለች ሊሚ። «እስቲ ይምጣ።»

ቲቸር ታረቀኝ በኩረጃ ቀልድ አያውቅም። ያስኮረጀ ተማሪ ወላጅ ያመጣል፤ አለቃ ከሆነም አለቃነቱን ይነጠቃል። ቦንቱ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ተመልሳ አንኳኳች። እሌኒ ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«የኛን ክፍል አይውሰዱት» አለቻት ቦንቱ። «የሁሉም መልስ አይደለም። ከኔ የተኮረጀ ነው። ያስኮረጅኩትም እኔ ነኝ።»

ቲቸር ታረቀኝ መነጽሩን አወለቀ። «እነማን ናቸው የኮረጁት?»

«እሱን አልናገርም።» ወደ እሌኒ ዞረች። «ሌላ ባዶ ወረቀት ይስጡን። ከኔ አጠገብ ማንም አይቀመጥም።»