ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ፎቶ

ሎዋና አሮጌ መጋረጃ ታቅፋ ዳቦ ቤቱ መስኮት ፊት ቆማለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት? በዚያ ብርድ ሹራብ እንኳ አልደረበችም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ትልቅ ፎቶ ላይ፣ አጎቷ የሚጫወትባትን ሞላላ ኳስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይስቃል።

የከተማዋን የድሮ ፎቶዎች በትልቁ እያሳተሙ በየሱቁ መስኮት የሚሰቅሉት ጡረታ የወጡት መምህርት ሄዘርና ጓደኞቻቸው ናቸው። ይህን ፎቶ የሰጠቻቸው ራሷ ሎዋና ነበረች። ያኔ አጎቷ በሕይወት ነበር፤ «የወለቀውን ጥርሴን ሸፍኑልኝ እንጂ» ብሎ አስቋቸዋል። በገና ሰሞን መኪናው ተገልብጦበት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ወገኖቻቸው፣ እንደ አገሩ ነባር ሕዝብ፣ ወግ ቤት ውስጥ የሟቹ ስም አይጠራም፣ መልኩም አይታይም። ሐዘኑ አበቃ ብላ የምትፈቅደው እናቱ፣ ሎዋና «ናና» የምትላት አያቷ ናት፤ እሷም ገና አልፈቀደችም። ሎዋና የራሷን ስልክ ሳይቀር ከፎቶዎቹ አጽድታለች። ለሄዘር የሰጠችውን ግን ረስታው ኖሯል። ነገ ጠዋት አያቷ ለደም ግፊቷ ክሊኒክ ስትሄድ የምታልፈው በዚሁ በር ነው። ልቧ ደግሞ ደህና አይደለም።

ሄዘር የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ይዘው መጡ። መጋረጃውን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ነገ የፎቶዎቹ ምርቃት መሆኑን፣ እንግዶች መጠራታቸውን ቀስ ብለው ነገሯት።

«ከተማው ሁሉ ይወደው ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። ሊያየው ይፈልጋል።»

«ናናስ?» አለች ሎዋና።

ሄዘር በሩን ከፈቱላት። ከዚያ፣ «አንቺስ ልታዪው አትፈልጊም?» አሏት።

እጇ ኪሷ ገባና ስልኳን አወጣች። ፎቶውን አንድ ጊዜ ብታነሳው ማን ያውቅባታል? ማታ ማታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ልታየው ትችላለች። የሳቁ ድምፅ እየጠፋባት ነው፤ መልኩም እንዳይጠፋባት ፈርታለች። ግን እናቱስ? የወለደችው እሷ እንኳ ሳታየው ችላ የለም እንዴ?

ስልኩን ለሄዘር ሰጠቻቸው።

«ይያዙልኝ። እስክጨርስ አይስጡኝ።»

መጋረጃውን ዘረጋችና ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ መሸፈን ያዘች። ጉልበቱን፣ ኳሷን፣ ደረቱን። አገጩ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሄዘር ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩላት።

መጋረጃውን እስከ ፀጉሩ ድረስ ወደ ላይ ሳበችው።